ነጃሺ፦ በመኪና መስኮት አይተናት የምናልፋት መንደር



ከመቐለ ወደ ዐዲግራት የሄደ ሰው ሁሉ አይቷታል። ውቅሮን ካለፉ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። 10 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ኮረብታው ላይ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ ቁልቋል የከበባቸው አጥሮች፣ ከዚያም ሚናራ ይታያል። ሾፌሩ ካልቆመ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ታልፋለች። የአገሬው ሰው ነጋሽ ይላታል፤ እኛ ሙስሊሞች ነጃሺ እንላታለን። ስሟን ዓለም የሚያውቃት መንደር ናት፤ ሄዶ ያያት ግን ጥቂት ነው። ታሪኳን አጣርቶ የሚያውቀው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይመስለናል። ይህን ስንል ራሳችንንም ጨምረን ነው።

ለምን እንደዚያ እንዳልን እንንገራችሁ። አንድ የዓሹራ ሌሊት በመስጂዳችን ለወጣቶች ስለ ሐበሻ ሂጅራ ደርስ እየሰጠን ነበር። ሞቅ ብሎን “ከመካ መጀመሪያ የወጡት 15 ሶሓቦች ዛሬ በነጃሺ መንደር ተቀብረው ይገኛሉ” አልን። ወጣቱ “ሱብሓነላህ!” አለ፤ ስልክ አውጥቶ የቀረጸም ነበር። ደርሱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ አዛውንት ሸኽ ቀስ ብለው ጠጋ አሉንና “ልጄ፣ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን የት ነው የተቀበሩት?” ብለው ጠየቁን። “መዲና” አልን። “ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርስ?” “ኡሑድ።” “ዙበይርስ?” “በስራ አካባቢ፣ ዒራቅ።” ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም፤ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። እኛ ግን የተናገርነው ምን ያህል ስህተት እንደሆነ ገብቶን እዚያው ደርቀን ቀረን። ቪዲዮው ግን ያኔውኑ ተለቆ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳንም እሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በነብይነት 5ኛው ዓመት፣ በረጀብ ወር፣ እ.ኤ.አ. በ615 የቁረይሽ በደል በጸና ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ማንም ወደማይበደልበት ንጉሥ አገር፣ ወደ ሐበሻ እንዲሄዱ ጠቆሟቸው። የመጀመሪያው ቡድን እንደ ኢብኑ ሰዕድ ዘገባ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ነበሩ። ተሸሽገው ወጡ፤ ሹዐይባ በሚባለው ወደብ ሁለት የነጋዴ መርከቦች ገጠሟቸውና በግማሽ ዲናር ተሳፍረው ባሕሩን ተሻገሩ። ቁረይሾች እየተከታተሉ ወደቡ ሲደርሱ መርከቦቹ ተነስተው ነበር። ከተሳፈሩት መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐፋን ከባለቤታቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ከሩቀያ ጋር፣ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ፣ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር፣ ዑስማን ኢብኑ መዝዑን፣ አቡ ሰለማና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነበሩበት።

11 እና 4 ሲደመር 15 ይሆናል። በነጃሺ መንደር ደግሞ የአገሬው ሰው ከንጉሡ መቃብር ሌላ የ15 ሶሓቦች መቃብር አለ ይላል። የእኛ ስህተት የተወለደው ቁጥር ከቁጥር ስለገጠመልን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ግን ሐበሻ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ቁረይሽ ሰለመ የሚል ወሬ ሰምተው በዚያው ዓመት በሸዋል ወደ መካ ተመለሱ፤ ወሬው ሐሰት ሆኖ አገኙት። ከእነዚያ 15 ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የኖሩትና ያረፉት መዲና ነው። ዑስማን ኢብኑ መዝዑን ከሙሃጂሮች በበቂዕ የተቀበሩ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

ታዲያ ሐበሻ ምድር ላይ የቀረ ሶሓባ የለም ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው።

ወሬው ሐሰት ሆኖ በደሉም ሲብስ ሁለተኛው ሂጅራ ሆነ። በዚህኛው፣ ልጆች ሳይቆጠሩ፣ ወንዶቹ ወደ 83፣ ሴቶቹ ደግሞ 18 ወይም 19 ነበሩ። መሪያቸው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው ቢመለሱም ጀዕፈርና ጓደኞቻቸው እስከ ኸይበር ዘመቻ ድረስ፣ ማለትም እስከ ሂጅራ 7ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 628) ከአሥር ዓመት በላይ እዚህ አገር ኖረዋል። አሥር ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። ያገቡ አሉ፣ የወለዱ አሉ፣ የሞቱም አሉ። ኢብኑ ሂሻም በሲራው ሐበሻ ላይ የሞቱትን በየነገዳቸው በስም ይዘረዝራቸዋል። ከበኑ ጁመሕ ሓጢብ ኢብኑል ሓሪስና ወንድማቸው ሐጧብ፣ ከበኑ ዐዲይ ዑርዋ ኢብኑ ዐብዲል ዑዛና ዐዲይ ኢብኑ ነድላ ይገኙበታል። ዐዲይ ኢብኑ ነድላ በእስልምና ሕግ መጀመሪያ ውርስ የተወረሰ ሰው ነው ተብሎም ተወርቷል፤ ወራሹም ልጁ ኑዕማን ነው። ዛሬ በየመድረሳው የምንቀራው የውርስ ዒልም አንዱ ጫፉ እዚህ ምድር ላይ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የሓጢብ ባለቤት ፋጢማ ቢንቱል ሙጀለል ባሏን ሐበሻ አፈር ውስጥ ትታ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ነው ከመጨረሻዎቹ መርከቦች በአንደኛው የተመለሰችው። እኛ ስለ ሐበሻ ሂጅራ ስናወራ ሁልጊዜ የንጉሡን ችሎት እናነሳለን። ይህችን ሴት ግን አናነሳትም። መርከቡ ላይ ሆና ወደ ኋላ ስታይ ምን ተሰምቷት ይሆን?

ስለዚህ ኪታቡ የሚነግረን ይህን ነው፦ ሐበሻ ላይ የተቀበሩ ሶሓቦች በእርግጥ አሉ፤ እነሱ ግን ከቀሩት እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች አይደሉም። ሲራው የሟቾቹን ስም ይጠቅሳል፤ የመንደር ስም አይጠቅስም። መንደሩ ደግሞ መቃብሩን ይዞ፣ አባት ለልጅ እያወረሰ ቆይቷል። ሁለቱን እንደየማዕረጋቸው መያዝ ነው ትክክሉ። ኢስናድ የተማረ ሰው በጽሑፍ የተዘገበውንና በአፍ ሲወርድ የመጣውን አይደባልቅም፤ ሁለተኛውንም አይንቅም።

የነጃሺ ችሎት ታሪክ የሚታወቅ ስለሆነ ብዙ አንሄድበትም። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ፤ ሐበሾች የሚወዱትን የመካ ቆዳ በስጦታ አሸከሟቸው። ጀዕፈር ተናገሩ፣ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀሩ፣ ንጉሡ አለቀሰ፤ ስጦታውም ተመለሰ። ይህን ሁሉ የነገሩን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። የዚያ ታላቅ ክስተት የዐይን ምስክር ሴት መሆኗን አስተውሉ።

እኛ ልንቆይበት የምንፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ላይ ነው። ደረሳ ሳለን የኢብኑ ሂሻምን ሲራ ስንቀራ፣ ንጉሡ ሙሃጂሮቹን ሲያጽናና የወርቅ ተራራ እንኳ ቢሰጠው አንዳቸውን ማስከፋት እንደማይወድ የተናገረበት ቦታ ላይ ደረስን። ዐረብኛው ውስጥ “ደብር” የሚል ቃል አለ። ኢብኑ ሂሻም ለዐረብ አንባቢው ሲያስረዳ፣ በሐበሾች ቋንቋ ደብር ማለት ተራራ ነው ይላል። እኛም “ደብር ማለት ጀበል” ብለን ዳር ላይ ጻፍን፤ በቃላችን ያዝን፤ አለፍን። ከመድረሳው አጥር ማዶ ሰው በየቀኑ “ደብር” ሲል እየሰማን! የገዛ አገራችን ቃል መሆኑ የገባን ከዓመታት በኋላ ነው። በግዕዝ ደብር ተራራ ነው፤ ገዳማት ተራራ ላይ ስለሚሠሩ ነው ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን የቀረው።

ሌላም አለ። ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ሐበሻ ላይ የወለዳት ኡሙ ኻሊድ የምትባል ልጅ ነበረች። ወደ መዲና ከመጣች በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጌጥ ያለበት ትንሽ ጥቁር ልብስ አለበሷትና “ሰናህ፣ ሰናህ” አሏት፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። በሐበሾች ቋንቋ “ያምራል” ማለት እንደሆነም እዚያው ተብራርቷል። ሠናይ የሚለው ቃል ነው። ረሱላችን ሐበሻ የተወለደችን ሕፃን ለማስደሰት በተወለደችበት አገር ቋንቋ አናገሯት። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ከብዙ የኩራት ንግግር ይልቅ ይህ ሐዲስ ልባችንን ይነካዋል።

የሙሃጂሮቹ ኑሮ ግን ተረት እንዳይመስለን። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ልጃቸውን ዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈርን የወለዱት እዚህ ነው። መዲና ሲገቡ ዑመር (ረ.ዐ) “በሂጅራ ቀድመናችኋል” በሚል መንፈስ ሲያናግሯቸው አስማእ ተቆጡ፤ እናንተ ከረሱል ጋር ስትሆኑ እኛ በሩቅ ባዕድ አገር ነበርን ብለው ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረቡ። የመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ተነገራቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና የየመን ጓደኞቻቸው መርከባቸውን ንፋስ ወደ ሐበሻ ገፍቶት ከነጀዕፈር ጋር አብረው ስለመጡ እነሱም ከዚህ ብስራት ደርሷቸዋል። ሰላም ባገኙበት አገርም ናፍቆቱና ብቸኝነቱ ነበረ። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ባላቸው ሐበሻ ላይ ሞቶባቸው ብቻቸውን ቀሩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በነጃሺ በኩል ሲያጯቸው ንጉሡ ራሱ 400 ዲናር መህር ከፈለላቸው።

ንጉሡ ሂጅራ በ9ኛው ዓመት ሲያርፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያው ቀን ለባልደረቦቻቸው ነግረው፣ ወደ መስገጃው ወጥተው በአራት ተክቢራ ሰገዱበት። ስሙንም አስሐማ ብለው ጠሩት። የአክሱም ነገሥታትን ታሪክ የሚጽፉ ሌሎች ወገኖች ስለ ንጉሡ እምነት ሌላ ይላሉ፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ የየራሳቸው መጽሐፍ አላቸው፣ በዚህ ጉዳይ ስልክ ላይ ስንሰዳደብ ማደር የለብንም። ለእኛ ሶላቱ በቂያችን ነው።

አሁን ወደ መንደሯ። የአክሱም ከተማ ከነጃሺ በቀጥታ ሲለካ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የንጉሥ መቃብር ለምን እዚህ ይሆናል ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የምናውቀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቦታው በዚህ ይታወቅ እንደነበር ነው። ዐረብ ፈቂህ የተባለው ሽሃቡዲን በጻፈው ፉቱሕ አል-ሐበሻ፣ የኢማም አሕመድ ጦር ትግራይ በገባ ጊዜ የአስሐማ መቃብር እንደተዘየረ ተዘግቧል። ስለዚህ ይህ መቃብር ትላንት ለቱሪስት የተፈጠረ አይደለም፤ ቢያንስ 500 ዓመት ያህል ሰው እያወቀው የኖረ ነው።

ከዚያ በፊትስ በአካባቢው ሙስሊም ነበር ወይ? ይህን የሚመልሰው ድንጋይ ነው። መቐለ ዳር ኲሓ አጠገብ፣ ከነጃሺ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ቦታ፣ ዐረብኛ የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የሙስሊሞች መቃብር ናቸው። በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴት ላይም እንደዚሁ በመቶ የሚቆጠሩ አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናይ የዚያን ዘመን መንገድ እናገኛለን፦ ከባሕሩ ተነስቶ ደጋውን ወጥቶ እስከ ምሥራቅ ትግራይ። በየድንጋዩ ላይ የሟቹ ስም ከነአባቱ፣ ቀኑ፣ ዱዓው አለ። ነጋዴ ብቻ ሆኖ የሚያልፍ ሰው እንዲህ አያስቀርጽም፤ ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ የኖረ ነው።

እኛ ወደ ነጃሺ የሄድነው በ2011 ጳጉሜን ላይ ነው፤ ዓሹራ ከዘመን መለወጫ ጋር የተቀራረበበት ዓመት ነበር። ከጀመዓችን ጋር አውቶቡስ ተከራይተን በደሴ፣ በወልዲያ፣ በማይጨው አድርገን ሁለት ቀን ፈጀብን። ወቅቱ በረከት ነው፤ ተራራው አረንጓዴ ለብሷል፣ አደይ ፈንድቷል፣ በየመንገዱ ልጆች በለስ በባልዲ ይዘው ይሸጣሉ። ዓሹራ በነጃሺ ትልቅ ቀን ነው፤ ከመቐለ፣ ከውቅሮ፣ ከዐዲግራት፣ ከሩቅም ሰው ይመጣል። ስለ ዘያራ አዳብ ዑለማዎች የሚሉትን እዚህ አናነሳም፤ የራሱ ርእስ ነው። ግቢው የንጉሡን መቃብር፣ የሶሓቦች የሚባሉትን መቃብሮችና መስጂዱን በአንድ ይዟል። ያኔ በቱርኩ የትብብር ድርጅት በቲካ ታድሶ ስለነበር ያምር ነበር።

ግን ከግንባታው ይበልጥ የምናስታውሰው አንድ አቦይ ናቸው። ከግቢው ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እንደ ልማዳችን ሶሓቦቹ እነማን እንደሆኑ፣ ስማቸው ተጽፎ እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅ ጥያቄ አዘነብንባቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው በተሰባበረ አማርኛ “ወደይ፣ መጀመሪያ እህል ቅመስ” አሉን። ቤታቸው ገባን፤ እንጀራ፣ ሕልበት፣ ነጭ ማር፣ ከዚያ ቡና። ስንበላ እዚያው ያሉ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ገቡና አብረውን ተቀመጡ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጥያቄያችንን ረስተነው ነበር። አቦይ ግን አልረሱትም። “ስማቸውን አናውቅም። እንግዳ ነበሩ። አባቶቻችን ተቀበሏቸው፣ ሲሞቱ ቀበሯቸው። እኛ መቃብራቸውን እንጠብቃለን” አሉን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽሑፍ አንብበናል፤ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

በ2013 ኅዳር ጦርነቱ ነጃሺ ደረሰ። መስጂዱ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ጉልላቱ ተደረመሰ፣ ሚናራው ተጎዳ፣ መቃብሩም አልተረፈም፣ ንብረቱም ተዘረፈ። አጠገቡ ያለው ቤተ ክርስቲያንም ጉዳት ደርሶበታል። ፎቶው ስልካችን ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የፈለግነው ያን ግቢ ሳይሆን የአቦይን ቤት ነበር። ስልክ አይሠራም፤ መንገድ ዝግ ነው። ያኔ በየከተማው ያለን ብዙዎቻችን ዝም አልን። ግማሹ ፈራ፣ ግማሹ በፖለቲካው ተከፋፈለ፣ አንዳንዱም “የእነሱ ጉዳይ ነው” አለ። ለ1400 ዓመት “የእኛ” ስንላት የኖርናት መንደር በአንድ ሳምንት ውስጥ “የእነሱ” ሆነች። እኛም በደርሳችን ስሟን ሳናነሳ ያለፍንባቸው ጁምዓዎች አሉ፤ አላህ ይማረን። የሰላም ስምምነቱ በ2015 ጥቅምት ከተፈረመ በኋላ መስመር ሲከፈት ያንን ቤት የሚያውቅ አንድ ወጣት አገኘን። አቦይ በሕይወት አሉ፤ ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ግን አርፈዋል።

መሄድ ለምትፈልጉ የምናውቀውን እንንገራችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው አጣሩ። ማደሪያ ውቅሮ ወይም መቐለ ይሻላል፤ መንደሯ ትንሽ ናት፣ ሰው ሲበዛባት ትጨነቃለች። ከውቅሮ በሚኒባስ ይደረሳል። ውቅሮ ላይ ጊዜ ካላችሁ መንገድ ዳር ያለውን የጨርቆስ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ከውጭም ቢሆን እዩት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ መቃብር ጋዕዋ በሚባለው ቦታ ደግሞ ከእስልምናም ከክርስትናም በፊት የነበረ፣ የሳባውያን ፊደል የተቀረጸበት የአልመቃህ መቅደስ አለ። የዚህች አገር ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳና እምነት ማስተናገድ የለመደው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እዚያ ይገባችኋል። ወቅቱ የበለስ ከሆነ ልጆቹ ልጠው ይሰጧችኋል፤ በባዶ እጃችሁ ለመላጥ እንዳትሞክሩ፣ እሾሁ ሦስት ቀን ከእጃችን አልወጣም።

ግቢው ውስጥ ቪዲዮ ስትቀርጹ “15ቱ የመጀመሪያ ሙሃጂሮች እዚህ ናቸው” የሚለውን አትድገሙት። የእኛው ስህተት አሁንም በየስልኩ እየዞረ ነው፤ ያገኘ ሰው ይህን ጽሑፍ ከሥሩ ይለጥፍልን። የሓጢብን፣ የሐጧብን፣ የዑርዋን፣ የዐዲይን ስም ግን አንሱ፤ ፋጢማ ቢንቱል ሙጀለልንም አትርሷት።

ወላሁ አዕለም።